ስልኬ ቢቸና፣ እኔ ሞጣ

ሰኔ 19 ቀን 2017፣ ሞጣ

ለቅሶ ደራሹ ዛሬም አላለቀም። ጭቃውን ከደጅ ይዘው ይገባሉ፣ ምንጣፌ ላይ ይጠርጉታል፣ ከዚያ ቁጭ ብለው «አላህ ይርሀመው፣ ደግ ሰው ነበር» ይላሉ። ሙሐመድሁሴን ደግ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። እኔ በገዛሁለት ባጃጅ ከመናኸሪያ ገበያ ይመላለስ ነበር። ጉበቱን ሲያመው ሳይነግረኝ ከረመ፤ እኔ ለአረፋ ከሪያድ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ አምስቱን እኔ ዐረብ አገር ነበርሁ። እንባ እምቢ ሲለኝ እማዬ ጎኔን እየጎነተለች «አልቅሺ እንጂ፣ ሰው ያይሻል» ትለኛለች።

ዝንቡስ! ሪያድ አንድ ዝንብ ከገባ የቤት ሠራተኛ ሆኜ የማገለግላት መዳም ከላይኛው ፎቅ ድረስ ትጠራኛለች። እዚህ ዝንቡ ከእንግዳው በልጦም የሚያባርረው የለም። ሴቶቹ በበሉበት እጅ ፊቴን ይዳብሱኛል። ዛሬ አንዷ «ሪያድ አንጥቶሻል» ብላ ጉንጬን በቅባት ጣቷ ያዘችኝ። ቀፈፈኝ። ተነስቼ በሳሙና ታጠብሁ፤ እማዬ ሐዘንተኛ እንዲህ አይፈትግም ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን ዒዳ ላይ ነኝ። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከባሏ ቤት ሳትወጣ ትቀመጣለች። የእኔ የሚያልቀው ጥቅምት ላይ ነው። የመመለሻ ቪዛዬ ግን የሚያበቃው ነሐሴ 29 ነው። እሱን የምታስረዝም አንዲት ሰው ናት፣ አሠሪዬ መዳም። በስሟ ነው የገባሁት፣ በስሟ ነው የምኖረው፤ እኔም አልችልም፣ ኤምባሲም አይችልም። እርሷ ስልኳን ትንሽ ብትነካካ ያልቃል። ካልነካካች ሥራዬም፣ መኖሪያ ፈቃዴም፣ ያቺ ጠባብ ክፍሌም አበቁ። እንደ አዲስ ልሂድ ብል ማን ይወስደኛል? ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ደላሎቹ ልጃገረድ ነው የሚፈልጉ።

ሪማስም አለች። የመዳም ልጅ ናት። ገና ጨቅላ ሳለች ነው የያዝኋት። እርሷ እንኳ ልጅ ናት፣ ትረሳለች።

ሰኔ 24

ዝናብ። ዳታ የለም። ሞጣ ኢንተርኔት ብሎ ነገር የለም። መዳም ደግሞ ዋትሳፕ እንጂ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። ቢቸና አንድ ሆቴል ዋይፋይ አለው አሉ። ቢቸና ለእኔ አሁን ከሪያድ ይርቃል።

ሰኔ 26

ሼኹ ተጠይቀው መልስ ላኩ። «ለችግሯ ቀን መውጣት ይፈቀድላታል፤ ማደሪያዋ ግን የባሏ ቤት ነው» ብለዋል። ጥሩ ሰው ናቸው። ግን በዚህ ጭቃ፣ በየኬላው እየወረዱ እየተፈተሹ፣ ቢቸና ደርሶ በዕለቱ ሞጣ የሚመለስ ማን ነው? እማዬ ደግሞ ከሼኹም ትብሳለች። «ቀንም ቢሆን አይሆንም። ባሏ አፈር ሳይደርቅበት ሚኒባስ ተሳፈረች ልታስብለኝ ነው?» አለች።

መላውን ያገኘው ወንድሜ ሙሐመድሸሪፍ ነው። ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሁልጊዜ መላ አለው፣ ሁልጊዜም መላው ሌላ ሰው የሚያደክም ነው። «ሀኒያ ቢቸና ኮሌጅ አይደለች እንዴ? ስልክሽን ትያዘው፣ ከሆቴሉ ሆና መልእክት ታመላልስልሽ» አለ።

ሀኒያ ታናሻችን ናት፤ ለለቅሶው መጥታ እዚሁ ናት። አረብኛውን ፊደል ከመድረሳ ታውቃለች፤ ንግግሩን እኔ በየዓርቡ በስልክ አስተምሬያታለሁ። ዛሬ ሁለታችን ተቀምጠን ለመዳም ረዥም የድምፅ መልእክት ቀዳሁ። ባሌ መሞቱን፣ ዒዳ ምን እንደሆነ (እርሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች)፣ ቪዛዬን እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንድታስረዝምልኝ። መጨረሻ ላይ ለሪማስ አንድ ሁለት ቃል አልሁ። ድምፄ ትንሽ ተሰበረ፤ ለባሌ እንዲመስላት ተውሁት። ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ መልእክቱ ራሱ ይሄዳል። የስልኩን መክፈቻ ነገርኋትና ሰጠኋት። ሰላምታውንም አስተማርኋት፤ መዳም እናቷን ካልጠየቁላት ትኮራለች።

«አይዞሽ እታለም፣ እኔ እያለሁ» አለችኝ ሀኒያ። ከዚህ ቤት ንጹሕ እጅ ያላት እርሷ ብቻ ናት።

ሐምሌ 3

ሀኒያ በእማዬ ትንሿ ስልክ ደወለች።

«ደርሷታል። አላህ ይርሀመው ብላለች። ቪዛውን ደግሞ ኢንሻአላህ አለች።»

«ኢንሻአላህ ስትል እንዴት አድርጋ ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ረዘም አድርጋ ነው ወይስ ቁርጥ?»

«እኔ እንጃ እታለም። ኢንሻአላህ ነው ያለችው።»

መዳም ረዘም ካደረገችው እምቢ ማለቷ ነው። ቁርጥ ካደረገችው ታደርገዋለች። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሀኒያ በአንድ ቀን ከየት ታምጣው።

«ሪማስስ?» አልኋት።

«ደህና ናት። ትስቃለች።»

ትሣቅ። ምን እንዳሣቃት ግን ሳልጠይቅ ስልኩ ተቆረጠ።

ሐምሌ 12

ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈስሳል። በእኔ ገንዘብ የተሠራ ቤት ነው፤ ምስማር ሰርቀው ነው የሠሩት። ሙሐመድሁሴን ቆሞ አሠርቶ። የሞተ ሰው አይታማም፣ ይህን ስጽፍ ራሴን ተጸየፍሁ። ግን ባልዲው እየሞላ እንዴት አላማው።

ዛሬ የመጡት ሴቶች ስለ ሞተው አላወሩም፤ ስለ ቀጣዩ ነው ያወሩት። «ገና ወጣት ናት፣ ቤት አላት፣ ምን ጎደላት» ይባባላሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነው ይህን የሚሉ፤ ገበያ የቆመች ላም ጥርሷን ከፍተው እንደሚያዩ። አንዷማ ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አድርጋ ብሎኬት መሆኑን አረጋገጠች። እማዬ አልተቆጣችም። እንዲያውም ጓዳውን አሳየቻቸው።

«እኔ ተመላሽ ነኝ» አልኋቸው ጮክ ብዬ። «ሥራዬ ይጠብቀኛል።»

እማዬ ዓይኗን ሰበረች። እኔ ያሳፈርኋት መስሎኝ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ሐምሌ 21

መብራት የለም። ከሀኒያ ስልክ የለም። ከሪያድ ያመጣሁትን ሳሙና አይጥ በላብኝ። የአይጥ ጥርስ ባረፈበት ሳሙና መታጠብ ዘገነነኝ። ቆርጬ ጣልሁት፣ በተረፈው ታጠብሁ። ሪማስ ሳሙና ዓይኗ ውስጥ ሲገባ እኔን ነው የምትመታኝ። ማን እያጠባት ይሆን?

ሐምሌ 28

ሀኒያ መጣች። በጉንደ ወይን በኩል፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። ስልኬን ግን አላመጣችም።

«ቻርጅ ላይ ረሳሁት።»

«ስልክ ይረሳል? ነፍሴ እኮ እሱ ላይ ናት!»

አለቀሰች፤ ወዲያው ተጸጸትሁ። ለእኔ ብላ ከትምህርቷ እየቀረች ሆቴል በር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ሆዴ እንዲህ ክፉ የሆነው መቼ ነው?

ከዚያ በኋላ መልካም ሆና ዋለች። እግሬን አጠበችኝ። እያጠበች ትጠይቀኛለች። መዳም ጠዋት ቡናዋን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂላት? አባያ ቀሚሷ በየትኛው በኩል ነው የሚተኮሰው? ባልየው ወደ ቤት ሲገባ የት ነው የምትሆኝው? አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ትጠይቃለች። ሁሉንም ነገርኋት። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚጠይቀኝ ስላመጣሁት ነገር ብቻ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የቤቱን ክፍሎች በጣቴ መሬት ላይ ሥዬ አሳየኋት።

ቦርሳዋን ስትከፍት ጉርድ ፎቶዎች ወደቁ። ጀርባቸው ነጭ፣ ሂጃቧ በደንብ የታሰረ። «ለኮሌጅ መታወቂያ ነው» አለችና ቶሎ ሰበሰበቻቸው። ታምራለች። አንዱን ስጪኝ ብላት እምቢ አለች፤ እንዳይጎድልባት ነው።

ማታ ከጓዳ እማዬና ሙሐመድሸሪፍ ሲያወሩ ሰማሁ። እማዬ ናት ያለችው፦ «ዒዳዋ ሳያልቅ እንዳትነግሯት።» የገባኝ ወዲያው ነው። የሙሐመድሁሴን ወንድሞች ባጃጁን ሊወስዱት ነው። ይውሰዱት፤ ከነጭቃው። ስግብግቦች።

ነሐሴ 6

እትዬ ፈንታዬ ብቅ አሉ። በአጥር የምንዋሰን ክርስቲያን ጎረቤቴ ናቸው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ። ፍልሰታን እየጾሙ ነው፣ ከስተዋል። ደህና ቲማቲም መርጠው አመጡልኝ። ከዚህ ሰፈር ሲቀመጡ ምንጣፌን የማያቆሽሹ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ።

«ያቺ ታናሽሽ ስልክሽን መለሰች?» አሉኝ።

«ቢቸና ነው እኮ፣ ለእኔ ጉዳይ ነው የያዘችው።»

«ለማንም ጉዳይ ይሁን። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ ልጄ።»

«እህቴ ናት፣ እትዬ ፈንታዬ!»

«እኔስ ጎረቤትሽ ናት አልሁ?»

ተናደድሁ። ሰው ቤት ገብቶ ነገር የሚያሸት ሰው ያስጠላኛል። ቲማቲሙን ግን በላሁት።

ነሐሴ 15

እማዬ ገበያ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ የእትዬ ፈንታዬን ስልክ ተዋስሁና ካርድ አስሞልቼ በቀጥታ ሪያድ ደወልሁ። አታነሳም ብዬ ነበር። ገና አንዴ ሳይጮህ አነሳችው።

«ሀኒያ? ሐቢብቲ ሀኒያ?»

አምስት ዓመት ስሠራላት ሐቢብቲ፣ ውዴ ብላኝ አታውቅም።

«ዘይዳ ነኝ፣ መዳም» አልኋት።

ቀስ ብላ «ዘይዳ፣ አላህ ያጽናሽ» አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ። ካርዱ አልቆ ነው። እትዬ ፈንታዬ በኋላ ገና አላለቀም አሉኝ፤ እሳቸው ስለ ስልክ ምን ያውቃሉ።

ሀኒያ ነው ያለችው እኔን ወክላ የምትደውለው ሀኒያ ስለሆነች ነው። ከኢትዮጵያ ቁጥር የሚደውልላት ሌላ ማን አለ? እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ወዳታለች ማለት ነው። የወደደችውን ሰው ደግሞ እምቢ አትልም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። ከጠዋት ጀምሮ ግን እህል አልወረደልኝም። ውኃው ነው መሰል፣ ክረምት ሲሆን የቧንቧው ውኃ ይደፈርሳል።

ነሐሴ 24

ቪዛው ሊያበቃ ነው። ሀኒያ ትናንት «ሲስተሙ አልሠራ ብሏታል» አለች። መዳም ስልኳ ላይ ከአልጋዋ ሳትነሳ ዶሮ የምታዝዝ ሴት ናት። የምን ሲስተም ነው?

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ተነሳሁ። አላህም ይቅር ይበለኝ፣ ሰውም እንደፈለገ ይበል፤ ቢቸና ሄጄ ራሴ አናግራታለሁ አልሁ። እማዬ በሩ ላይ ተዘርግታ ተኛች። እናቴ ሀሲና፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ነጠላዋን አንጥፋ ጭቃው ላይ።

«በላዬ ተራምደሽ ሂጂ!»

«እማ፣ እንጀራዬ ነው እኮ የሚሄደው!»

«እንጀራሽ የትም አይሄድም፤ እዚሁ ቤት ነው ያለው!»

ጎረቤት ተሰበሰበ። ነጠላዋ ጭቃ ጠጥቶ፣ ፀጉሯ ተገልጦ፣ እንደ ሰከረ ሰው ትጮሃለች። አስጠላችኝ። እናቴ አስጠላችኝ ብዬ እዚህ ጻፍሁ፤ አልሰርዘውም። ሻንጣዬን መለስሁና ነጠላዋን አጠብሁላት። ሦስት ውኃ ለወጥሁ፣ አልጸዳ አለ።

«እዚሁ ቤት ነው ያለው» ያለችው ምኑን ነው?

ነሐሴ 30

ዛሬ መውሊድ ነው። ከመስጊድ መንዙማው ይሰማል፤ ድምፁ ያምራል። ቪዛዬ ትናንት አበቃ። አልተራዘመም። ማንም አልደወለም።

መስከረም 5 ቀን 2018

ሙሐመድሸሪፍ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሥጋ ይዞ መጣ። እሱ ሥጋ ይዞ ከመጣ የሚያስውጠኝ ነገር አለ ማለት ነው።

«የሀኒያ ቪዛ መጣ» አለኝ።

«የምን ቪዛ?»

«የሪያድ። መዳም ናት የላከችው።»

«መዳም የማን?»

«የእናንተ» አለኝ። የእናንተ! እንደ ጋራ የእርሻ መሬት።

እማዬ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፣ አትወጣም። እሱ መሬት መሬት እያየ አወራ። ነገሩ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው ያለቀው። አንድ ቤት ለሁለት ዓመት ሠራተኛ ሲፈልግ እስከ ጥቅምት አይጠብቅም ነበር አለ። መዳም የሌላ አገር ሰው ልታስገባ ነበር። ሀኒያ ባትደርስ እንጀራው ባዕድ ሊወስደው ነበር። «ከቤታችን አልወጣም እኮ፣ ዘይዳ። አንቺ ቤት አለሽ፣ ታገቢያለሽ። እርሷ ምን አላት?»

«እኔን ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ሐዘን ላይ ነበርሽ» አለ፤ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እንጨቱን ያቀበልሁት እኔ፣ መጥረቢያውን የሳልሁት እኔ። አባያ እንዴት እንደሚተኮስ እግሬን እያጠበች ስትጠይቀኝ የቤቱን ክፍሎች ሳይቀር መሬት ላይ ሥዬ ያሳየሁ እኔ!

ሥጋውን በአጥሩ ላይ ለውሻ ወረወርሁት። እማዬ ያኔ ነው ከጓዳ የወጣችው፣ ለሥጋው።

መስከረም 14

ስልኬን መለሱልኝ፤ በሙሐመድሸሪፍ እጅ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ኢንተርኔት ባይኖርም የድሮው ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማሁ።

መጀመሪያ የፈለግሁት ሰኔ 26 የቀዳሁትን ነው። የለም። ለሪማስ ያልሁት ቃልም አብሮ የለም። በእሱ ቦታ የሀኒያ ድምፅ አለ፤ ጥርት ባለ አረብኛ፣ እኔ ባስተማርኋት ሰላምታ፣ ከእናቷ ጤንነት ጀምራ። «እህቴ በባሏ ሐዘን ልቧ ተሰብሯል፣ ከእንግዲህ ከአገሯ መውጣት አትፈልግም። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፣ ያላገባሁ ነኝ፣ ሥራ ሁሉ አስተምራኛለች።» የማላለቅስለት ባሌ እዚያ ደርሶ ጠቀማቸው።

መዳም መልሳለች። ቁርጥ ባለ ድምፅ፦ «ኢንሻአላህ።»

በአንዱ መልእክት ከኋላ ሪማስ ትሰማለች፣ ከአሻንጉሊት ጋር ትጣላለች። ያን አሥር ጊዜ ያህል ሳልሰማው አልቀረሁም።

ከሁሉም የሚያቅለሸልሸኝ የቱ ነው? ሀኒያ መዋሸቷ? እማዬ ማወቋ? ወይስ መዳም አንድም ቀን «እስቲ ዘይዳን አገናኙኝ» አለማለቷ? ነሐሴ ላይ እኔ መሆኔን ሰምታ ነው የዘጋችው። አሁን ለራሴ አልዋሽም። ለእርሷ እውነቱን ልንገራት ብዬ መልእክት ልቀዳ ጀመርሁ። «መዳም፣ እህቴ ዋሽታሻለች» ካልሁ በኋላ ምን ልበል? ቪዛዬ አልቋል፤ የሀኒያም ቢሰረዝ የሌላ አገር ሰው ይገባል። ሁላችንም ባዶ እንሆናለን። አጠፋሁት። ለእነሱ አዝኜ አይደለም። የሚያጠፋው ጣት የገዛ ጣቴ ሆኖ ሳየው እጄንም ጠላሁት።

መስከረም 22

እማዬን ሦስት ቀን አላናገርኋትም። ዛሬ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አለችኝ፤ እርቅ መሆኑ ነው። አመዱ እኔ ነኝ መሰለኝ፣ የሚንከባለሉት በእኔ ላይ ነው።

ጥቅምት 4

ሀኒያ መጣች። የጉዞ ሥልጠና ወረቀቷን ጨርሳለች። ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ እግሬን ሰበሰብሁ። ፊቷ ገርጥቷል። ትንሽዬ ሴት ልጅ ሆና ታየችኝ፤ ግን አላዘንሁላትም፣ አልፈለግሁም።

«እታለም፣ ስደቢኝ። ዝም አትበይ።»

ተነስቼ ምንጣፉን ማራገፍ ጀመርሁ።

«እኔም ሁልጊዜ ያንቺን ልብስ ለብሼ፣ ያንቺን ብር ተምሬ፣ ያንቺ ታናሽ ሆኜ መኖር ሰልችቶኛል። አንድ በር ተከፈተልኝ፣ ገባሁ። አንቺ ብትሆኝ አትገቢም?»

ምንጣፉን መልሼ አነጠፍሁት።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ስለ ሪማስ የምትነግሪኝ የለም? እንግዳ ሰው ትፈራለች ወይ?» አለችኝ።

አለ። አንድ ነገር አለ፤ ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ሪማስ ሌሊት ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሸናለች። መዳም ካወቀች ትቆነጥጣታለች፤ አንዴ አይቻለሁ፣ ጭኗ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ ለመዳም የተወች እንዲመስላት፣ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሳሁ አንሶላውን እለውጣለሁ፣ ያረጠበችውን ከእኔ ልብስ ጋር አጥበዋለሁ። ልጅቱ እንቅልፏን ሳትጨርስ አንገቴን ታቅፋ «አትንገሪ» ትለኛለች። አልነገርሁም።

«የለም» አልኋት ለሀኒያ። የሁለታችን ነገር ነው። ሁሉን ወስዳለች፤ ይህ ይቅር።

ጥቅምት 11

ዒዳዬ አለቀ። ገላዬን ታጠብሁ፣ ነጩን የዒዳ ልብስ አውልቄ ሌላ ለበስሁ፣ ወጣሁ። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ደርቋል። ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አደረሰሽ» ይለኛል። ገበያውን ዞርሁ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። እትዬ ፈንታዬ አጥር ላይ ቆመው አዩኝና ምንም አላሉም፤ ያ ዝምታቸው ከሁሉ ሰው ምርቃት ይሻለኛል።

ጥቅምት 12

ሀኒያ ሄደች። ዛሬ ደጀን ታድራለች፣ ነገ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። እማዬ አለቀሰች፤ ከእኔ ባል ሞት የበለጠ። መናኸሪያ ድረስ ሁሉም ሸኟት፣ እኔ አልሄድሁም። ስታልፍ መስኮቱ ሥር ቆም ብላ «እታለም» አለች። ሰሃን እያጠብሁ ነበር። የጸዳውን ሰሃን እንደገና አጠብሁት።

ረክቼ ነበር። እውነቴን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ረክቼ ዋልሁ። ትሂድ፣ ትየው፤ አንድ ጠዋት መዳም አንሶላውን ገልጣ ስታይ ሀኒያ ምን እንደምትል አያለሁ አልሁ። አስቤ ስጨርስ ነው የገባኝ፤ ያን ጠዋት የምትቆነጠጠው ሀኒያ አይደለችም፣ ሪማስ ናት።

እኔ ነኝ ይህን የተመኘሁት። ስለ ሰው ቆሻሻ ይህን ሁሉ ጻፍሁ።

ጥቅምት 13

ማለዳ በእማዬ ስልክ ደወልሁላት። ደጀን መናኸሪያ ነበረች፤ የከባድ መኪና ጡሩምባና የረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«እታለም?» አለች።

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ሪማስ ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሸናለች። ጎሕ ሳይቀድ ተነሺና አንሶላውን ለውጪ። ንጹሑ ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ነው። አትቆጫት። መዳም እንዳታውቅ።»

ጡሩምባው ድምፄን የዋጠው መስሎኝ «ሰምተሻል?» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«መዳም ነግራኛለች፣ ያኔ ሐምሌ ላይ። ዘይዳ በየሌሊቱ እየተነሳች ትለውጥላት ነበር፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር፤ አንቺም እንደ እርሷ እንድታደርጊ ነው የምፈልገው አለችኝ።»

ሐምሌ ላይ። እኔ ኢንሻአላሁ ረዘመ አጠረ እያልሁ ስጨነቅ፣ እነሱ ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። በየሌሊቱ በባዶ እግሬ እየተሹለከለክሁ፣ ውኃው እንዳይሰማ ቧንቧውን በጨርቅ እያፈንሁ የደበቅሁት፣ ለመዳም ለካ ከሥራዬ አንዱ ነበር።

«ሌላስ የምትነግሪኝ አለ፣ እታለም?» አለች ሀኒያ። ረዳቱ እየጠራት ነበር።

«ሌላ የለም» አልኋት፤ ሌላም አልነበረኝም።